የቀዳዳ ርቀት ከጠርዝ፤ ከአይሮፕላን ሠሪዎች ለወለጋ ነጋዴዎች የሚተርፍ ትምህርት

ለነጋዴ ሰው ትልቅ ኪሣራ ሁልጊዜ ከትልቅ ጥፋት የሚመጣ አይደለም። በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በኦሪገን ግዛት የሚገኘው ቫንስ ኤርክራፍት የተባለው ኩባንያ ከዕዳ ጠያቂዎች የሚጠብቀውን የኪሣራ ሕግ ከለላ ለመጠየቅ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ይህ ኩባንያ የሚነግደው በአይሮፕላን ነው፤ ነገር ግን የሚሸጠው ያለቀ አይሮፕላን ሳይሆን ገዢው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ እጁ እየገጣጠመ የሚሠራውን የተቆራረጠና የተበሳ ላሜራ ነው። ከእርሱ የተገዛው ዕቃ በልዩ ልዩ አገር በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ባለሙያዎችና አማተሮች ሠርተው ያበረሩበት፣ ስሙ የተመሰገነ ቤት ነበር። እንግዲያውስ ምን አገኘው? ለችግሩ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ቀዳዳ ነው። ትእዛዝ በበዛበት ጊዜ ላሜራውን በተለመደው መሣሪያ ከመብሳት ይልቅ በጨረር እንዲቆረጥ አድርጎ ነበርና፣ ጨረሩ በቀዳዳው ከንፈር ላይ ጥቃቅን ጉድለት ተወ፤ ገዢዎችም ቀዳዳውን ለሪቬት ሲያዘጋጁት ስንጥቅ ታየባቸው። ክፍሎቹ እንደገና ሊሠሩ ግድ ሆነ። ኩባንያው በ2016 ዓ.ም. ከፍርድ ቤቱ ጥበቃ ወጥቶ ሥራውን ቢቀጥልም፣ ቀድሞ የተዋዋሉት ደንበኞች ዋጋ ተጨምሮባቸዋል።

ክቡራን አንባቢዎቻችን፣ «ይህ የባሕር ማዶ ነገር ለነቀምቴ ነጋዴ ምኑ ነው?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በመንዲ፣ በደምቢ ዶሎና በሻምቡ ከሚገኙት የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች መካከል ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ሪቬትና ላሜራ የማይሸጥ አይገኝም። ከእነዚሁ መደብሮች የሚገዙት ብረት ሠራተኞች የመጋዘን ጣሪያ ይሠራሉ፤ የጭነት መኪና ሳጥን ይጠግናሉ፤ የቡና መፈልፈያና የወፍጮ ሽፋን ያበጃሉ፤ ጋሪ ይገጥማሉ። በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ላሜራ ይበሳል፤ በቀዳዳውም ማሰሪያ ይገባል። ቀዳዳው ከላሜራው ጠርዝ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። አይሮፕላን ሠሪዎች ይህን ጥያቄ በዋዛ ስለማያልፉት፣ የእነርሱን ደንብ ለእኛ ሥራ በሚጠቅም መልክ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ነገሩ ምንድን ነው?

የጠርዝ ርቀት የሚባለው ከቀዳዳው ማዕከል አንሥቶ እስከ ቅርቡ የላሜራ ጠርዝ ድረስ ያለው ልክ ነው። ከቀዳዳው ከንፈር አይለካም፤ ከማዕከሉ ነው። ይህን መለየት አስፈላጊ ነው፤ ብዙ ሠራተኛ ከቀዳዳው ከንፈር እየለካ ሌላው ደግሞ ከማዕከሉ እየለካ በአንድ ወረቀት ላይ ከተጻፈ ቁጥር ሁለት ዓይነት ሥራ ሲወጣ ይታያልና።

ነገሩ ለአገራችን ባለ እጅ እንግዳ አይደለም። ቆዳ ሰፊ ወስፌውን በቆዳው ዳር ዳር አይወጋም፤ ጠፍሩ ሲሳብ ዳሩ ተቀዶ እንደሚወጣ ያውቃልና። ልብስ ሰፊም ለስፌቱ ትርፍ ጨርቅ ይተዋል። አናጢ ሳንቃውን ከጫፉ አጠገብ በምስማር ቢመታው ይሰነጠቅበታል። ላሜራና ብረትም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደሉም፤ የሚለዩት በአንድ ነገር ብቻ ነው። ቆዳውና ሳንቃው ጥፋታቸውን ወዲያው ሲያሳዩ፣ ብረቱ ግን ጥፋቱን ለወራትና ለዓመታት ደብቆ ይቆያል።

ብረት እንዴት ይቀደዳል?

ሁለት ላሜራዎች በሪቬት ወይም በብሎን ተያይዘው በተቃራኒ አቅጣጫ ቢጎተቱ፣ መጋጠሚያው በአራት መንገድ ሊሸነፍ ይችላል። አንደኛው፣ ማሰሪያው ራሱ በመካከሉ ይቆረጣል። ሁለተኛው፣ ማሰሪያው ጸንቶ የቀዳዳው ግድግዳ ይጨፈለቅና ክቡ ቀዳዳ እንደ እንቁላል ይሞላለላል። ሦስተኛው፣ ቀዳዳዎቹ እርስ በርሳቸው ተቀራርበው ከሆነ ላሜራው በቀዳዳዎቹ መሥመር እንደ ቴምብር ወረቀት ይቀደዳል። አራተኛው፣ ቀዳዳው ለጠርዝ ቀርቦ ከሆነ በቀዳዳውና በጠርዙ መካከል ያለው ጥቂት ብረት ተሸርፎ ማሰሪያው ወደ ውጭ ይወጣል።

ከአራቱ መንገዶች ክፉው አራተኛው ነው። ቀዳዳው ሲሞላለል መጋጠሚያው ይላላል፤ ይንኳኳል፤ ሹፌሩም ሆነ ጠባቂው ይሰማዋል፤ ለመጠገንም ጊዜ ይገኛል። ጠርዙ ተቀዶ ሲወጣ ግን ማስጠንቀቂያ የለውም፤ የወጣው ማሰሪያ ይሸከመው የነበረውም ሸክም በጎረቤቱ ላይ ይወድቅና እርሱንም ያስከትለዋል። ስለዚህ የጥሩ ንድፍ ዓላማ ጠርዙ ከሁሉ አስቀድሞ እንዳይሸነፍ ማድረግ ነው።

ደንቡም ከዚህ ይወጣል። የአሜሪካ ሲቪል አቪዬሽን አስተዳደር ለአይሮፕላን ጥገና ያወጣው መመሪያ፣ ጭንቅላቱ ከላሜራው በላይ ለሚቀር ሪቬት የጠርዝ ርቀቱ ከሪቬቱ ግንድ ውፍረት ከሁለት እጥፍ እንዳያንስ ያዛል። ጭንቅላቱ በላሜራው ውስጥ ሰጥሞ ለሚስተካከል ሪቬት ደግሞ ሁለት እጥፍ ተኩል ይፈለጋል፤ ለጭንቅላቱ ማስጠሚያ ሲባል ላሜራው በሾጣጣ መልክ ስለሚከሳ የሚቀረው ብረት ጥቂት ነውና።

ሁለት እጥፍ የተባለበትን ምክንያት በሂሳብ ማየት ይቻላል። የማሰሪያው ውፍረት አንድ ቢሆን፣ ማዕከሉ ከጠርዙ በሁለት ርቆ፣ ከቀዳዳው ከንፈር እስከ ጠርዙ የሚቀረው ብረት አንድ ተኩል ነው። ማሰሪያው ወደ ውጭ ለመውጣት በግራና በቀኝ ሁለት መሥመር መሸረፍ አለበት፤ ሁለት ጊዜ አንድ ተኩል ሦስት ይሆናል። ማዕከሉ ከጠርዙ በአንድ እጥፍ ብቻ ቢርቅ ግን የሚቀረው ብረት ግማሽ ነው፤ የሁለቱ መሥመር ድምርም አንድ ይሆናል። እንግዲህ ርቀቱ በግማሽ ሲቀነስ፣ ጠርዙን የሚይዘው ብረት በሦስት እጅ ቀነሰ ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ጥቂት ብቀርብ ጥቂት ይደክማል» ብሎ ያስባል፤ ድካሙ ግን ከቅርበቱ ይፈጥናል።

ለአይሮፕላን በተዘጋጀው የአሉሚንየም የጥንካሬ ሠንጠረዥም ውስጥ የቀዳዳው ግድግዳ የመሸከም ኃይል በአንድ ቁጥር አይጻፍም፤ አንዱ ለሁለት እጥፍ፣ ሌላው ለአንድ ተኩል እጥፍ የጠርዝ ርቀት ተለይቶ ይጻፋል። በአይሮፕላን አካል ላይ በብዛት በሚሠራበት፣ መዳብ በተቀላቀለበት አሉሚንየም የሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው በግምት አንድ አምስተኛ ያንሳል። ስለዚህ ርቀቱ ያነሰ ቀዳዳ ያለ ንድፍ አውጪው አዲስ ሂሳብና ፈቃድ አይታለፍም።

ርቀቱ ሲበዛስ? ይህም ጉዳት አለው። ጠርዙ ከማሰሪያው ከአራት እጥፍ በላይ ከራቀ ዳሩ ሳይያዝ ይቀርና ይከፈታል፤ በክፍተቱም ውሃና አቧራ ይገባል። ዝናብ በሚበዛበት በወለጋ ደጋ ላይ እንዲህ ያለ ክፍተት የዝገት መነሻ መሆኑን ማንም ባለ ቆርቆሮ ቤት ያውቀዋል። እንግዲህ የተመረጠው መንገድ መካከለኛው ነው፤ ከሁለት እጥፍ የማያንስ፣ ከአራት እጥፍ የማይበልጥ። በሁለት ሪቬቶች ማዕከል መካከልም ቢያንስ ሦስት እጥፍ ርቀት ሊኖር ይገባል።

በሱቅ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ልክ

ይህን ለሠራተኛም ለሻጭም እንዲመች በሚሊ ሜትር አውጥተን እንደሚከተለው እናቀርባለን። የመጀመሪያው ቁጥር ላዩ ወጣ ብሎ ለሚቀር ጭንቅላት፣ ሁለተኛው ለሚሰጥም ጭንቅላት ነው።

ውፍረቱ 2.4 ሚሊ ሜትር ለሆነ ሪቬት፦ 4.8፤ 6.0።
ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ለሆነ ሪቬት፦ 6.4፤ 8.0።
ውፍረቱ 4.0 ሚሊ ሜትር ለሆነ ሪቬት፦ 8.0፤ 10.0።
ውፍረቱ 4.8 ሚሊ ሜትር ለሆነ ሪቬት፦ 9.6፤ 12.0።

ከዚህ ሠንጠረዥ የሁለት ላሜራ መደራረቢያ ስፋት ይገኛል። በአንድ ረድፍ ባለ 3.2 ሚሊ ሜትር ሪቬት ለሚያያዙ ሁለት ላሜራዎች በእያንዳንዱ ወገን 6.4 ስለሚያስፈልግ መደራረቢያው ከ12.8 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። ዕቃ ለመቆጠብ ብሎ መደራረቢያውን 10 ሚሊ ሜትር ያደረገ ሠራተኛ ምን አተረፈ? በአንድ ሜትር መጋጠሚያ ላይ 28 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላሜራ አተረፈ፤ ይኸውም መዳፍ የማይሞላ ቁራጭ ነው። በዚህች ቁራጭ ዋጋ ግን የጠርዙን ርቀት ወደ አንድ እጥፍ ተኩል ገደማ አወረደው። ይህ ቁጠባ ሳይሆን ብድር ነው፤ ወለዱም ከባድ ነው።

በሥራ ላይ የሚደርሱ ስሕተቶች

በቤታቸው አይሮፕላን የሚሠሩ ሰዎች ከሁሉ ይልቅ የሚፈሩት የማይታየውን ጠርዝ ነው። ሠራተኛው ከላይ ያለውን ላሜራ በጥንቃቄ ለክቶ ይበሳል፤ ቀዳዳውም ከላይ ሲያዩት እንከን የለበትም። ነገር ግን ከሥሩ የሚደገፈው የማዕዘን ብረት ጥቂት ወደ ጎን ሸሽቶ ከሆነ፣ ያው ቀዳዳ በሥሩ ብረት ጠርዝ ላይ ወጥቶ ይገኛል። መጋጠሚያው የሚጠነክረው በደካማው ወገን ልክ ስለሆነ የላይኛው ላሜራ መልካም መሆን ምንም አይረዳም። ብልህ ሠራተኛ ስለዚህ በሥረኛው ብረት ላይ የመካከል መሥመር አስቀድሞ ያሰምራል፤ ከዚያ በላይኛው ላሜራ ቀዳዳ በኩል ሲመለከት መሥመሩ በቀዳዳው መካከል ካልታየው ትራፓኖውን አያስነሣም።

ሁለተኛው ስሕተት መሥመር አሰማመሩ ነው። በአሉሚንየም ላይ በብረት ሹል የሚጫር ምልክት ራሱ የስንጥቅ መጀመሪያ ይሆናል። አይሮፕላን ሠሪዎች የሚያሰምሩት በቀለም ብዕር ነው። የእርሳስ ምልክትም አሉሚንየምን የማስበላት ጠባይ ስላለው አይመረጥም።

ሦስተኛው ስሕተት ቀዳዳውን በአንድ ጊዜ በሙሉ ልኩ መብሳት ነው። ትልቅ ፑንታ ሲጀምር ይንሸራተታል፤ የተንሸራተተውም ወደ ጠርዝ ከሆነ የሚመለስ ነገር የለም። ትክክለኛው አሠራር ቦታውን በመምቻ ነጥቦ፣ በቀጭን ፑንታ በስቶ፣ ርቀቱን እንደገና ለክቶ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ሙሉ ልኩ ማስፋት ነው። በመጨረሻም በቀዳዳው ከንፈር ላይ የሚቀረው ሹል ፍርፋሪ ተጠርጎ መውጣት አለበት።

አራተኛው ስሕተት ጥገና መስሎ የሚመጣው ነው፤ ስለዚህም ከሁሉ ይልቅ ያታልላል። ቀዳዳው ሲበላሽ ወይም ሲሞላለል፣ ሠራተኛው ከፍ ያለ ሪቬት ይጠይቅና ቀዳዳውን አስፍቶ ያስገባል። ሻጩም ወፍራሙን ሪቬት በማቀበሉ የረዳው ይመስለዋል። ሂሳቡ ግን እንዲህ ነው፦ ባለ 3.2 ሚሊ ሜትር ሪቬት በ6.4 ርቀት ላይ ገብቶ ነበርና ሁለት እጥፍ የሚለውን ደንብ በትክክል ያሟላ ነበር። በእርሱ ፋንታ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ሲገባ ማዕከሉ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ርቀቱ አሁንም 6.4 ነው። የሚፈለገው ግን 8 ሆኗል። እንግዲህ ሪቬቱ በወፈረ ቁጥር ጠርዙ ደከመ። እንዲህ ባለ ጊዜ መፍትሔው በሥሩ ተጨማሪ ላሜራ ደርቦ ሸክሙን በአዲስ ቦታ በተበሱ ቀዳዳዎች ማስያዝ፣ አለዚያም ክፍሉን ፈጽሞ መለወጥ ነው።

በሰማይ የተከፈለ ዋጋ

ቀዳዳን መናቅ ምን እንደሚያስከትል የአይሮፕላን ታሪክ በሐዘን ይመሰክራል። ኮሜት የተባለው የእንግሊዝ ጄት መንገደኛ አይሮፕላን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 10 ቀን 1954 በኤልባ ደሴት አጠገብ፣ ሌላውም በዚያው ዓመት በኤፕሪል 8 ቀን በኔፕልስ አካባቢ ወደቁ። መርማሪዎቹ የኤልባውን አይሮፕላን ስብርባሪ ከባሕር አውጥተው አጥንተውታል፤ ሌላ ኮሜትም በውሃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው ግፊት እያፈራረቁ ፈትነውታል። የተገኘውም ምክንያት የብረት መድከም ነበር፤ በአካሉ ላይ በተከፈቱት መስኮቶች ማዕዘን አጠገብ፣ ጫናው ከፍ ባለበት ቦታ ከማሰሪያ ቀዳዳ የተነሣ ስንጥቅ አድጎ አካሉን ቀድዶታል።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 28 ቀን 1988 ደግሞ የአሎሃ አየር መንገድ ንብረት የሆነ ቦይንግ 737 በሃዋይ ሰማይ ላይ ሲበር የፊተኛው ጣሪያው ተገንጥሎ ሄደ። አንዲት አስተናጋጅ ሕይወቷ አለፈ፤ አብራሪዎቹ ግን አይሮፕላኑን ለማሳረፍ ቻሉ። ያ አይሮፕላን 89,680 ጊዜ ተነሥቶ ያረፈ ነበር። በላሜራዎቹ መደራረቢያ ላይ በረድፍ በተሰለፉት የሪቬት ቀዳዳዎች ጥቃቅን ስንጥቆች ተፈጥረው፣ አንዱ ከሌላው ጋር ተገናኝቶ ነበር። ላሜራው ቀጭን ሆኖ ለሚሰጥም ጭንቅላት በጥልቀት ስለ ከሳ፣ የቀዳዳው ሥር እንደ ቢላ ስል ሆኖ ቀርቶ ነበር፤ ስንጥቁም የጀመረው ከዚያ ነው። ለሚሰጥም ጭንቅላት የበለጠ ብረት የሚጠየቀው በከንቱ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

በአገራችን

የአገራችን ሰው ከአይሮፕላን ጋር የተዋወቀው ዛሬ አይደለም። የመጀመሪያው አይሮፕላን ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ገባ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሳይቆይ፣ በ1928 ዓ.ም. «ፀሐይ» የተባለችው አይሮፕላን በአዲስ አበባ ተሠርታ በረረች። ንድፏን ያወጣውና ሥራውን የመራው ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ሲሆን፣ ስሟም የተወሰደው ከልዕልት ፀሐይ ነው። በወረራው ጊዜ ወደ ጣሊያን ተወስዳ ለብዙ ዘመን በቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ሙዚየም ከቆየች በኋላ፣ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች።

ወለጋም በዚህ ታሪክ የራሷ ገጽ አላት። በሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አይሮፕላኖች ከነቀምቴ አጠገብ በቦነያ ሜዳ አረፉ። በዚያችው ሌሊት የጥቁር አንበሳ አርበኞች አደጋ ጥለው አይሮፕላኖቹን አቃጠሉ፤ ጄኔራል ማልዮኮንና አብረውት የመጡትንም ገደሉ፤ ከሞት ያመለጠ አንድ ቄስ ብቻ ነበር። ዛሬ የቦነያ ስም ሲነሣ ትዝ የሚለው የአርበኞቹ ጀግንነት ነው፤ ነገር ግን አይሮፕላን በወለጋ ምድር ላይ በቅርብ የታየበት ዘመን ምን ያህል የራቀ መሆኑንም ያስታውሰናል።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን በመጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ አደረገ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሠራባቸው ዳግላስ አይሮፕላኖች አካላቸው በሙሉ በሪቬት የተያያዘ አሉሚንየም ነበር። ከእነዚህ ጋር የሪቬትን ሥራ የሚያውቅ የኢትዮጵያ ባለሙያ ትውልድ አደገ። አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ «እሸት» የተባሉትን የእርሻ መድኃኒት መርጫ አይሮፕላኖች ከአሜሪካ በመጡ ክፍሎች በአገር ውስጥ ገጣጥሟል። ክፍል ከውጭ አስመጥቶ በአገር እጅ መግጠም ለአስመጪዎቻችን ምን ዓይነት መንገድ እንደሚከፍት ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

በግል ጥረትም በኩል አቶ አስመላሽ ዘፈሩ በ2007 ዓ.ም. በራሱ ገንዘብ የሠራው «ኬ-570ኤ» የተባለ አነስተኛ አይሮፕላን በአገር ውስጥም በውጭም ብዙ ተወርቶለታል። የአይሮፕላን ትምህርት ቤት ሳይገባ፣ ከመጻሕፍትና ከተንቀሳቃሽ ሥዕል እየተማረ፣ ያገለገለ የፎልክስቫገን ሞተር ገጥሞ የሠራው ነው። የመጀመሪያው የበረራ ሙከራ ሳይሳካ ቀርቷል። ሆኖም ይህን የመሰለ ሥራ ለሚጀምር ሰው የሚያስፈልገው ድፍረት ብቻ እንዳልሆነ ታሪኩ ያስተምራል። አንድ ሰው ሞተር ከገበያ ሊያገኝ ይችላል፤ ጎማም እንዲሁ። ጥራቱ የታወቀ ላሜራ፣ ዓይነቱ የተመሰከረለት ሪቬትና ትክክለኛ ፑንታ ግን አስመጪ ካላመጣቸው በቀር በምኞት አይገኙም። በዚህ ረገድ የፈጣሪው ዕጣ በከፊል በነጋዴው እጅ ነው። በነቀምቴ የሚገኘው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ተማሪዎች የሚያስተምር በመሆኑ፣ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚጠይቅ ወጣት ከመደብር ደጃፍ ቢቆም ሊያስደንቀን አይገባም። ሊበር የታሰበ አይሮፕላን ሁሉ ግን የሲቪል አቪዬሽን ባለ ሥልጣን ፈቃድ የሚያሻው መሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው።

ለወለጋ መደብሮችና ሠራተኞች

በምድር ላይ የሚሠራ ብረት ደንቡ ከአይሮፕላን ይለያል። የአገራችን የሕንፃ ደንብ የተመሠረተበት የአውሮፓ የብረት ግንባታ ደንብ ለብሎን የሚፈቅደው ዝቅተኛ የጠርዝ ርቀት የቀዳዳው ስፋት 1.2 እጥፍ ነው። ይህ ከአይሮፕላኑ ደንብ የላላ ይመስላል፤ ነገር ግን አታላይ ነው። ደንቡ ራሱ በዚያ ርቀት ላይ ያለ ቀዳዳ ሙሉ ሸክም እንዲሸከም አይፈቅድም። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ብሎን በ13 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ ዝቅተኛው ርቀት 15.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሸክሙ ወደ ጫፉ የሚስብ ሲሆን በዚህ ርቀት የቀዳዳው ግድግዳ የሚቆጠርለት አቅም ከሙሉው 40 በመቶ ነው። በጫፍ ርቀት ምክንያት የሚደረገው ቅነሳ የሚቀረው ርቀቱ ሦስት እጥፍ፣ ማለት 39 ሚሊ ሜትር ሲሆን ነው። ስለዚህ «ደንቡ ይፈቅዳል» ማለትና «ይበቃል» ማለት አንድ አይደሉም።

አሁን አንድ ጋሪ ወይም ተጎታች ቡና ጭኖ ከጊምቢ ወደ ነቀምቴ ይመጣል እንበል። በዓለም ገበያ «ለቀምቲ» ተብሎ የሚታወቀው የአካባቢው ቡና የወራት ልፋት ነው። መጎተቻውን የያዘው ብሎን ጠንካራ ነው፤ ሻጩም ጥሩውን ሰጥቷል። ነገር ግን ብረት ሠራተኛው ቀዳዳውን ከጠርዙ በ14 ሚሊ ሜትር ብቻ በስቶታል። በዳገቱ ላይ ጠርዙ ተቀዶ ቢለያይ፣ ነጋዴው የሚከሰው ማንን ነው? ብሎኑ ሳይሰበር መንገድ ላይ ወድቆ ይገኛል፤ ተወቃሹም ብዙ ጊዜ ብሎኑን የሸጠው ባለ ሱቅ ይሆናል። ይህን ነገር ማወቅ እንግዲህ ለሻጩም ስሙን መጠበቂያ ነው።

ስለዚህ ለመደብሮቻችን የሚከተለውን እንመክራለን። ሪቬትና ብሎን በአንድ ሣጥን ተደባልቀው አይቀመጡ፤ በውፍረትና በርዝመት ተለይተው ይጻፍባቸው። ለእያንዳንዱ ሪቬት የሚስማማው ፑንታ ከአጠገቡ ይኑር፤ ሪቬት ሸጦ ፑንታ የማያቀርብ መደብር ደንበኛውን ወደ ስሕተት ይልከዋልና። ብሎን ሲገዛ በጭንቅላቱ ላይ ያለው ቁጥር ይታይ፤ 8.8 የሚለው ምልክት የመጀመሪያው 8 የመበጠሻ ጥንካሬውን 800 ሜጋ ፓስካል መሆኑን፣ ሁለተኛው ደግሞ ሳይለመጥ የሚሸከመው የዚህን 80 በመቶ መሆኑን ይገልጻል። ምልክት የሌለው ብሎን ርካሽ ቢሆንም ሸክም ላለበት ሥራ አይሰጥ። የአሉሚንየም ላሜራ ከተራ ብረት ወይም ከመዳብ ማሰሪያ ጋር በእርጥበት ውስጥ ሲነካካ ቶሎ እንደሚበላ ለገዢው ይነገረው። ከላይ ያወጣነውም ሠንጠረዥ በሚነበብ ፊደል ተጽፎ ከሚዛኑ አጠገብ ይለጠፍ።

ለአስመጪዎች ደግሞ የቫንስ ኤርክራፍት ታሪክ የተለየ ምክር ይሰጣል። የዕቃ አሠራር ሲለወጥ፣ ዕቃው በመልክ ያው ቢሆንም ያው ዕቃ አይደለም። ፋብሪካው «በፈጠነ መንገድ እሠራለሁ» ሲል፣ ገዢው ከብዙው ትእዛዝ በፊት ናሙና አስመጥቶ በእውነተኛው ሥራ ላይ ሊፈትነው ይገባል። ስንጥቁ የተገኘው ላሜራው ከጥቅሉ ሲወጣ አልነበረም፤ ሠራተኛው ቀዳዳውን ለሥራ ሲያዘጋጀው እንጂ። በመጋዘን ዓይቶ መቀበልና በሥራ ፈትኖ መቀበል በጣም የተለያዩ ናቸው።

አይሮፕላን ሠሪ ከጠርዙ የሚያርቃት ልክ በ3.2 ሚሊ ሜትር ሪቬት 6.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት፤ ከጣት ስፋት ታንሳለች። እርሱ ግን ሳይለካት አያልፍም፤ በእርስዋ ላይ ሰው ተሳፍሯልና። በእኛም ሥራ ላይ ጣሪያው ከሥሩ ሰው ይዟል፤ መኪናው የሰው ንብረት ጭኗል። ሠራተኛው ከመብሳቱ በፊት ይለካ፤ ሻጩም ከመሸጡ በፊት «ስንት ውፍረት? ከጠርዙስ ምን ያህል?» ብሎ ይጠይቅ። ይህች ጥያቄ ገንዘብ አታስከፍልም፤ መልሷ ግን የጋሪውን ጭነትም የሱቁንም ስም ትጠብቃለች።